መቅደስ በፌቨን የተለወጠችበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ጎፋ ጉዳይ ነበረኝና ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ታክሲ መጠበቂያው በሰው ስለሞላ አንድ ፀጉር ቤት ደጃፍ ላይ ተጠለልኩ። በሩ ሲከፈት የአልኮል፣ የፓውደርና የጋለ ማሽን ሽታ ከእርጥብ ጃኬት ጠረን ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ «ግቢ እህት፣ ወንበር አለ» አለኝና ገባሁ። ሁለት ወጣቶች ስለ እግር ኳስ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም። ሽታው ሌላ ፀጉር ቤት፣ ሌላ ክረምት ውስጥ ወስዶ አስቀምጦኝ ነበር።

ያኔ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ከቤታችን ቀጥሎ ያለው ግቢ የአባባ ሉቃስ ነው። አባባ ሉቃስ አጥራቸውን በመንገዱ በኩል አስፈርሰው አንዲት ጠባብ ሱቅ ሠሩና ለደረጀ አከራዩት፤ ደረጀ ፀጉር ቤት አደረጋት። ደረጀ ግን ከፀጉር ይልቅ የሚወደው ቅርጫት ኳስ ነበር። በወጣትነቱ ተጫውቷል፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው የሰፈራችንን የጎፋን ሴት ልጆች ቡድን ማሠልጠን ጀመረ። ወሬው ከጣመው መቀሱን አየር ላይ ያቆማል። ፀጉሩ ግማሽ ድረስ የተቆረጠ ደንበኛ አንሶላውን ተከናንቦ ክርክሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ክረምት ለአሜሪካ ቅርጫት ኳስ የእረፍት ጊዜ ነው። ጨዋታ የለም፤ ወሬ ግን ሞልቷል። የትኛው ቡድን ማንን ሰጥቶ ማንን ይወስዳል? እግር ኳስ ቢሆን ተጫዋች የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ እዚያ ግን ሰው የሚሰጠው በሰው ነው። ደረጀና ጓደኛው ሳሚ «ትሬድ» ይሉታል። ሳሚ ለቡ መብራት ኃይል ይኖራል፤ እሱም እዚያ የሴት ልጆች ቡድን አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከለቡ ድረስ የሚመጣው ፀጉሩን ሊስተካከል ነው ይባላል። ጭንቅላቱ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ፀጉር አልነበረውም።

እኔን እዚያ ያዋለኝ ሰው ማጣት ነው። እናቴ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ብቅ ሲል እንደ እንግዳ ነበር የምናየው። የምትይዘኝ ታላቅ እህቴ መቅደስ ነበረች። መቅደስ የደረጀ ቡድን ተጫዋች ናት፤ ኳስ ይዛ የምታከፋፍለው እሷ ናት። ልምምድ እስኪደርስ የቤቱን ሥራ ስትጨርስ እኔ ፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እቆያታለሁ።

«ዝም ብሎ መለወጥ የለም» ይላል ደረጀ። «ደሞዛቸው መመዛዘን አለበት። በአንዱ በኩል ከከበደ በሌላው በኩል ሰው ይጨመራል።»

እኔ ይህን ስሰማ የታየኝ የሥጋ ቤት ሚዛን ነው። ግዙፉ ሰውዬ በአንድ በኩል ይቀመጣል፣ ሚዛኑ ያዘነብላል፣ ከወዲያ ሁለት ቀጫጭኖች ይታከላሉ። ቡድኖች ቀጫጭን ተጫዋቾችን የሚያኖሩት ለማሟያ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምኛለሁ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ያን ያህል እንዳልተሳሳትኩ ነገሩኝ።

ሕግ የምወድ ልጅ ነበርኩ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር የረገጠውን የማጋልጠው እኔ ስለሆንኩ የሰፈሩ ልጆች «ዳኛዋ መጣች» እያሉ ይበተናሉ። የትሬድን ሕግም እንዲሁ ያዝኩት። አዲስ የፈረመ ተጫዋች ወዲያው አይለወጥም። የተለወጠ ሰው በአዲሱ ቡድን ሐኪም ይመረመራል፤ ካላለፈ ነገሩ ይፈርሳል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ይህን ነው፦ ብዙ ዓመት ያገለገለ ትልቅ ተጫዋች ውሉ ላይ ካስጻፈ፣ ያለ ፈቃዱ ለማንም አይሰጥም። ሌላው አይጠየቅም። ጠዋት በአንዱ ከተማ ልምምድ ይሠራል፣ ከሰዓት ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። አንዱ መለወጡን የሰማው ከቴሌቪዥን ነው ብሎ ሳሚ ሲያወራ ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅኩም።

አባባ ሉቃስም አልሳቁም። እሳቸው በሩ አጠገብ የራሳቸው ወንበር አላቸው፤ የኪራዩ ውል ውስጥ የገባ ይመስል ማንም አይቀመጥበትም። ከወላይታ የመጡ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቁት ኳሱ ክብ መሆኑን ነው። ሰው ሲከራከር ግን ዝም ብለው መስማት አይሆንላቸውም።

«ሚስት አለችው?» ይላሉ።

«ማን አባባ?»

«ይሄ የምትለውጡት ሰው።»

«አዎ፣ ልጆችም አሉት።»

«ልጆቹ ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል?»

«አባባ፣ ሚሊየነር እኮ ነው!»

«ሚሊየነር ልጁን አያስመዘግብም?»

ደረጀ መቀሱን ያስቀምጣል። «ሥራው ነው አባባ። ሲፈርም አውቆ ነው የገባበት።»

«በሬም ቀንበሩን ያውቀዋል፤ ተጠይቆ ግን አያውቅም» ይሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ።

ሳሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከእሳቸው ጋር ትሬድ ማውራት አይቻልም፣ ጋብቻ ያደርጉታል» ይላል። አባባ ይሰማሉ፤ ግን እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ልምምዱ ከሰፈራችን ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ክረምት ስለሆነ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ልጆቹ መጥረጊያ ይዘው ውሃውን ወደ ቦዩ ከገፉት በኋላ ነው ኳስ የሚነካው። ቅርጫቶቹ መረብ ስላልነበራቸው ኳሱ መግባቱን ለማወቅ መጨቃጨቅ ግድ ነው። መቅደስ አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ አፏም አያርፍም። ኳሱን ስታነጥር ጭቃ ውሃው ፊቷ ላይ ይረጫል፤ በክንዷ ጠረግ አድርጋ ትቀጥላለች። እኔ የሁሉንም ጃኬት ታቅፌ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፤ ጃኬቶቹ ቫዝሊን ቫዝሊን ይሸታሉ። ሲያበቃ መንገድ ላይ አንድ ጥብስ በቆሎ ትገዛና ለሁለት ትሰብረዋለች። ትልቁን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ ደግሞ ከእኔው ትፈለፍላለች።

ቤት ስንገባ ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅጥቃ አልጋችን ሥር ታስቀምጠዋለች። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው። እግሯ ክረምት ከበጋ በረዶ ነው፤ ጀርባዬ ላይ ትለጥፈዋለች፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ትቆጣናለች። ከዚያ የተለየ ኑሮ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ በቀልድ ተጀመረ። የደረጀ ቡድን ረጅም ልጅ አልነበረውም። ሳሚ ደግሞ ፌቨን የምትባል እጇን ብትዘረጋ የቤታችንን ጣሪያ የምትነካ የምትመስለኝ ልጅ ነበረችው። ግን ለፌቨን ኳስ የሚያቀብላት ስለሌለ ቅርጫቱ ሥር እንደ መብራት ምሰሶ ቆማ ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ደረጀ የብሩክን ፀጉር እየቆረጠ «አንተ ሳሚ፣ ፌቨንን ስጠኝ» አለ። ብሩክ ባንክ የሚሠራ፣ የማያገባው ነገር የሌለ ደንበኛ ነው።

«ማንን ሰጥተኸኝ?» አለ ሳሚ።

መቀሱ ቆመ። «መቅደስን።»

ሁሉም ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ቀዘቀዘ፤ ሁለቱም የምር ማሰብ ጀምረው ነበር።

«አይመጣጠንም!» አለ ብሩክ ከአንሶላው ውስጥ። «ቁመት ምን ያደርጋል? መቅደስ እኮ ጨዋታ ታነባለች።»

«ፌቨን ገና ታድጋለች» አለ ሳሚ።

«ከዚህ በላይ ወዴት ነው የምታድገው?»

«ቆይ፣ ደሞዝ የላቸውም» አለ ደረጀ። «በምንድን ነው የምንመዝናቸው?»

በነጥብ ይሁን ተባለ፣ በዕድሜ ይሁን ተባለ። ሳሚ ለሚቀጥለው ዓመት ከሚመጡት አዲስ የጎፋ ልጆች መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ልሁን ብሎ ጠየቀ። ደረጀ «አብደሃል እንዴ?» አለው። የጤና ምርመራውስ ሲባል፣ ሁለቱም ሲሮጡ ታይተዋል፣ ይበቃል ተባለ። በመጨረሻ መቅደስና አንድ አዲስ ኳስ በፌቨን እንዲለወጡ ተስማምተው ተጨባበጡ። ኳሱ ምርቃት መሆኑ ነው። አባባ ሉቃስ ያን ዕለት ለቅሶ ሄደው ወንበራቸው ባዶ ነበር።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። መቅደስ ግቢው ውስጥ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች፤ አረፋው ክርኗ ደርሷል።

«መቅዲ፣ ለለቡ ተሰጠሽ።»

«ምን?»

«በፌቨን ተለወጥሽ። ኳስም ተጨምሮብሻል።»

እጆቿ ውሃው ውስጥ ቆሙ። ቀና አላለችም። «ማን አለ?»

«ጋሽ ደሬና ሳሚ። ተጨባበጡ።»

ከዚያ ያንኑ ያሸችውን ኮሌታ እንደገና ማሸት ጀመረች። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ልብሱን ስታሰጣ መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። ሰው በጣም ሲያዝን እንደሚያንጎራጉር ከለቅሶ ቤት አውቃለሁና ልቧ ተሰብሯል ብዬ ደመደምኩ።

ለቡ የት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። አክስታችን ብርሃኔ እዚያ ናት፤ ታክሲ ውስጥ ካንቀላፋሁ ሳልነቃ የምንደርስበት ቦታ ነው። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ የተለወጠ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ፈራሁ። ምግብ አልዋጥ አለኝ፤ እናቴ ግንባሬን ዳብሳ ትኩሳት እንደሌለኝ አረጋገጠችና ወደ ፈረቃዋ ሄደች። መቅደስ ምርመራውን እንዳታልፍና እንድታነክስ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ልክተት አሰብኩ። ሐኪም ጫማ ያስወልቃል ብዬ ተውኩት።

የቀረኝ ያ የወደድኩት ሕግ ነበር። ሰኞ ጠዋት አባባ ሉቃስ በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ መቅደስን ሳይጠይቋት ለለቡ ሰጧት።»

ደነገጡ። «ለማን? ገና ተማሪ አይደለችም እንዴ? እናትሽ ታውቃለች?»

ጋብቻ እንዳልሆነ ማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ስለ ፌቨን ነገርኳቸው፣ ስለ ኳሱም ነገርኳቸው። ከዚያ ሕጉን ጠቀስኩ። «ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ካልፈቀደ አይሰጥም። መቅደስ ደግሞ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ከእኛ ጋር ናት።»

«አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ?»

«አዎ።»

«ብዙ ነው» አሉ። አልሳቁብኝም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ ሉቃስ ደረጀንና ሳሚን እንደ ተጣላ ባልና ሚስት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ኮፍያ አስወለቁ። ጸለዩ። ብሩክ ጢሙን ሊላጭ መጥቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተቀባ ምስክር ሆኖ ቀረ።

«እውነት ነው? ልጅ በልጅ ለውጣችኋል?»

«አባባ፣ ቡድን እኮ ነው» አለ ደረጀ። «ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች። ጎፋና ለቡ ምን አላቸው?» ወደ እኔ ዞረና ገባው። «ሜሪ! ሻንጣ ይዛ የምትሄድ መስሎሽ ነው እንዴ?»

ሳቁ። ብሩክ ሲስቅ ሳሙናው አፉ ገባ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ሜሮንን ተዉአት» አሉ አባባ። «የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መቅደስ ተጠይቃለች?»

ደረጀ ሳሚን አየው።

«በአሜሪካ ሕግ እኮ...» አለ ሳሚ።

«አሜሪካ ሩቅ ነው። መቅደስ ጎረቤቴ ናት።»

«ልንነግራት ነበር።»

«መንገርና መጠየቅ አንድ ነው?»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። እነዚያ ክረምቱን ሙሉ የማያውቁትን ሰው ከከተማ ከተማ ሲያጓጉዙ የከረሙ ሰዎች አንዲት የጎረቤት ልጅ መጠየቅ ትዝ አላላቸውም ነበር። አባባ ሉቃስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያልተጠየቀች ልጅ የትም እንደማትሄድ ተናገሩ። ደስታዬን የት ላድርሰው? በሕግ ረትቼ ነበር። «ጥሯት» ሲሉ ማንም ሳይቀድመኝ ሮጥኩ፤ መንገድ ላይ «አሸነፍን!» እያልኩ እጇን ጎትቼ አመጣኋት።

መቅደስ በሩ ላይ ቆመች። ወለሉ ላይ የተበተነውን ፀጉር ታያለች።

«ልጄ» አሏት አባባ፣ «እነዚህ ሰዎች ለለቡ ቡድን ሊሰጡሽ ፈልገዋል። እንቢ ካልሽ ይቀራል፤ ማንም አይቀየምሽም። ምን ትያለሽ?»

«እሄዳለሁ አባባ።»

ደረጀ ከአግዳሚው ብድግ አለ። ሊሰጣት የተስማማው እሱ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን የከፋው ሰው ሆነ። «ምን አድርጌሽ ነው መቅዲ?»

«ምንም አላደረግከኝም ጋሼ።»

«ታዲያ?»

አባባ «ተናገሪ፣ አትፍሪ» አሏት።

«አክስቴ ብርሃኔ ጋ ሆኜ ነው የምጫወተው» አለች። «ትምህርቴንም እዚያው ነው የምቀጥለው። ለእማዬ ነግሬያት እሺ ብላኛለች።» «እዚህ ስጫወት ዓይኔ ደረጃው ላይ ነው። ሜሪ በረዳት፣ ሜሪ ወደ መንገድ ወጣች፣ ሜሪ ወደቀች። ኳሱ እጄ ላይ እያለ እሷን ነው የማየው። እወዳታለሁ፤ እንዳልወዳት አይደለም። ለአንድ ዓመት እንኳ ኳሱን ብቻ ማየት ፈልጌ ነው።»

ማንም አልሳቀም። የብሩክ ፊት ላይ ሳሙናው ደርቋል። አባባ ሉቃስ እኔን አዩኝ፤ እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ከሳሽ ነው ያዩኝ። «ጠየቅናት፣ መለሰች» አሉ። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ተናደድኩ፣ አፈርኩም፤ ከሁሉ የባሰው ግን ግራ መጋባቱ ነበር። መጠየቅ ማለት መቅረት ማለት መስሎኝ ነበር። ሕጉን ያመጣሁት እኔ፣ አባባን ያስነሳሁት እኔ፣ እጇን ጎትቼ ያቀረብኳትም እኔ ነኝ። ለጥቂት ቀናት አኮረፍኳት። እሷ ግን ኩርፊያዬን እንዳላየች ሆና ፀጉሬን ሠራችኝ፤ ለመስከረም እንዲቆይ ብላ ጠበቅ አድርጋ ነው የሠራችኝ፤ አመመኝ።

ጳጉሜ ላይ ሄደች። እውነትም ሻንጣ ይዛ ነው የሄደችው፤ የአባቴን የጉዞ ሻንጣ። ደረጀ መንገድ ላይ አየንና «አንቺ ልጅ፣ ልክ ነበርሽ» አለኝ። ልክ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም። እናቴ ፈረቃዋን ቀየረች፤ እሷ በማትኖርበት ሰዓት የአባባ ሉቃስ ባለቤት ያዩኝ ጀመር። አልጋው ሰፋ፣ ጀርባዬም ሞቀ። ሙቀቱን ጠላሁት።

ጎፋና ለቡ የተጋጠሙት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሜዳችን ጥግ ጥጉ ላይ ገና ውሃ ቋጥሯል። ፌቨን በጎፋ ማሊያ መጣችና ጃኬቷን ሰጠችኝ፤ እጅጌው ከእኔ ቁመት ይረዝማል። መቅደስ ከወዲያ በኩል ናት። ከጨዋታው በፊት ሮጣ መጥታ ሳመችኝ፣ አፍንጫዬን ጠረገችልኝና ተመለሰች።

ጨዋታው ሲጀመር ሌላ ሰው ሆነች። በጎን፣ በመሀል፣ ከሰው ብብት ሥር ትሾልካለች። የሷን ዓይን ስከተል ቆየሁ፤ አንዴም ወደ ደረጃው አልመጣም። በደንብ ላያት ፈልጌ ከነጃኬቶቹ ተነሥቼ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ደረጃው እርጥብ ነበርና አንሸራተተኝ፤ ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ ተላጠ። ጮኽኩ።

ፌቨን ቅርጫቱ ሥር ቆማ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ፣ ቦታዋን ጥላ በነዚያ ረጃጅም እግሮቿ መጣችና አነሳችኝ። ደረጀ «ፌቨን! ፌቨን!» እያለ ከዳር ይጮኻል። መቅደስ ባዶውን ቦታ አየች፣ ገባች፣ አስቆጠረች። የለቡ ልጆች ሲያቅፏትም ፊቷ ወደ እኛ አልነበረም።

የፌቨን ክንድ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። እሷ ጉልበቴን ያመመኝ መስሏት እፍ እፍ ትልልኝ ነበር።